ተቀይሮ የተገጠመ የሞተር ሳይክል ፊልትሮ እንዴት ይታጠባል?



ባለፈው ቅዳሜ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ካለው ቧንቧ አጠገብ አንድ ባልደረባችን የሞተር ሳይክል አየር ማጣሪያ፣ በተለምዶ ፊልትሮ የምንለውን ዕቃ፣ ቤንዚን ባለበት ቆርቆሮ ውስጥ እየነከረ ሲያሽ አየሁት። ፊልትሮው ቀይ ሾጣጣ ነው። ሞተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ አብሮት የመጣ ሳይሆን በኋላ ተገዝቶ የተገጠመ ነው። «እንዲህ አይደለም የሚታጠበው» አልኩት። «አንቺ ደግሞ ሞተር ታውቂያለሽ እንዴ?» ብሎ ሳቀ። መልሱን እዚያው ቆሜ ከመከራከር ይልቅ በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ ብጽፈው ይሻላል ብዬ አሰብኩ። ጥያቄው የእሱ ብቻ አይደለምና። ከመካከላችን ብዙዎቻችን የምንመደበው መኪና እንደ ልብ በማይገባበት ቀበሌ ነው። እዚያ ሱፐርቫይዘሩ የሚመጣው በሞተር ነው፤ የፈተና ወረቀት የሚመጣው በሞተር ነው፤ የታመመ ሰውም ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄደው ብዙ ጊዜ በሞተር ነው። የሞተሩ ቁልፍ አንድ ቀን በእኛው እጅ ላይ ይወድቅ ይሆናል።

ሞተር አውቃለሁ ብዬ አልደፍርም። አንድ ሞተር ግን በገዛ እጄ ገድያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2011 ዓ.ም. በገንዳ ውሃ ከተማ የ7ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ 150 ሲሲ ሞተር ሳይክል ነበረው። በመተማ ወረዳ ሰሊጥና ጥጥ ወደሚመረትባቸው እርሻዎች ሰውና ዕቃ እያመላለሰ የሚያገኘው ገንዘብ የቤታችን ገቢ ነበር፤ የእኔም ደብተርና የደንብ ልብስ ከዚያው ይወጣ ነበር። በክረምቱ ሞተሩ ጭቃ ላይ ወድቆ የፊልትሮው ሳጥን ተሰንጥቆ ነበር። ምትክ ሳጥን ቢፈለግ ታጣ። መካኒኩ ሳጥኑን ከነቱቦው አውልቆ በካርቡሬተሩ አፍ ላይ ቀይ ሾጣጣ ፊልትሮ ገጠመለት። በካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈውንም ቀዳዳ ትንሽ ሰፋ ባለች ቀየረለት። ከዚያ ወዲህ የሞተሩ ድምፅ ጎረነነ፤ ጉልበቱም የጨመረ መሰለ። ወንድሜ ደስ አለው። የሰፈሩ ልጆች ደግሞ ከእሱ ይበልጥ ደስ አላቸው።

በኅዳር ዝናቡ ቆሞ መንገዱ ሲደርቅ የመተማ አቧራ ተነሣ። ይህን አቧራ በዓይኑ ያላየ ሰው እንዴት እንደሚረዳኝ አላውቅም። አንድ የጭነት መኪና ካለፈ በኋላ ከኋላው ያለ ሰው የራሱን የፊት ጎማ አያይም። ጥር ላይ ቀዩ ፊልትሮ ቡናማ ሆነ። ወንድሜ አውልቆ ሰጠኝና «ልብስ ስታጥቢ ይቺንም አብረሽ እሺልኝ፤ ያንቺ እጅ ያጸዳል» አለኝ። እኔም ላላሳፍረው ብዬ ያለኝን ጉልበት ሁሉ አወጣሁ። መጀመሪያ በቤንዚን አለቀለቅኩት። ቀጥዬ በሙቅ ውሃና በዱቄት ሳሙና አሸሁት። እንደ ልብስ ጨምቄ ድንጋይ ላይ ፀሐይ አሰጣሁት። አመሻሹ ላይ ገና ርጥበት ስለነበረው ጎሚስታው ዘንድ ወስጄ በኮምፕሬሰር ነፋ ነፋ አስደረግኩት። በመጨረሻ ጥጡ ነጭ ሆኖ እንደ አዲስ ሻሽ አበራ። ወንድሜ «ጋሼ፣ እየው» ስለው አገላብጦ አየና «እንዲህ ነው እንጂ!» ብሎ ለከረሜላ ሰጠኝ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ እንዲሁ አደረግኩ።

መጋቢት ሲገባ የሞተር ዘይቱ ቶሎ ቶሎ ይጎድል ጀመር። ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ወጣ። ፔዳሉ ሲመታ ቀድሞ እግርን መልሶ ይገፋ የነበረው ኃይል ጠፋና ባዶ አየር የመርገጥ ያህል ሆነ። ሰው ጭኖ ዳገት አልወጣ አለ። ጎንደር ተወስዶ ሲከፈት አብሬ ሄጄ ነበር። መካኒኩ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። የሲሊንደሩን ግድግዳ በጣታቸው ከዳሰሱ በኋላ የእኔንም ጣት ይዘው አስዳሰሱኝ። እንደ መስታወት ልስልስ መሆን የሚገባው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሸንትሯል።

«አባባ፣ ምን በልቶት ነው?» አልኳቸው።

«አቧራ ነዋ፣ ልጄ። ፊልትሮውን የሚያጥበው ማነው?»

ወንድሜ ወደ እኔ አላየም። ሆነ ብሎ እንዳላየ ገባኝ። ሲሊንደሩ በማሽን ሰፍቶ፣ ፒስተኑና ቀለበቶቹ ተቀይረው ሞተሩ የተነሣው ከሁለት ወር በኋላ ነው። በእነዚያ ሁለት ወራት ወንድሜ ከመኪና ላይ ኩንታል ሲያወርድ ይውል ነበር። አንድም ቀን ስለ ፊልትሮው አንሥቶብኝ አያውቅም።

ለመሆኑ ያን ያህል ያጸዳሁት ዕቃ እንዴት አቧራ አሳለፈ? ይህን ለመረዳት ሞተሩ ምን ያህል አየር እንደሚተነፍስ ማወቅ ያስፈልጋል።

1 ኪሎ ቤንዚን በሚገባ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። 1 ሊትር ቤንዚን ክብደቱ 0.74 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ወደ 11 ኪሎ አየር ይጠይቃል ማለት ነው። አየር ክብደት አለው ሲባል ልጆች አያምኑም፤ እኛም ስንማር አላመንንም ነበር። ይህ 11 ኪሎ አየር በቆላው ሙቀት ከ10,000 ሊትር በላይ ቦታ ይይዛል። ባለ 200 ሊትሩን በርሜል ብናስብ 50 በርሜል ሙሉ አየር መሆኑ ነው፤ ያውም ለአንዲት ሊትር ቤንዚን! በሌላ መንገድም ሊሰላ ይችላል። ባለ አራት ምት 150 ሲሲ ሞተር በደቂቃ 5,000 ጊዜ ሲዞር 2,500 ጊዜ አየር ይስባል። ነዳጁ ሙሉ ተከፍቶ ሲሊንደሩ በየጊዜው ጢም ብሎ ቢሞላ በደቂቃ 375 ሊትር ይሆናል። ተቀምጦ የሚያነብ ሰው በደቂቃ የሚተነፍሰው ከ6 እስከ 8 ሊትር ነው። እንግዲህ አንዲት ሞተር ሳይክል 50 ተማሪዎች ያሉበትን ሙሉ ክፍል ያህል ትተነፍሳለች። የምትተነፍሰው ደግሞ ከመንገዱ ላይ፣ ከአቧራው መሐል ነው።

አቧራው ውስጥ ደቃቅ አሸዋ አለ። የአሸዋ ዋና ክፍል የሆነው ኳርትዝ በሞስ የጥንካሬ መለኪያ 7ኛ ደረጃ ላይ ያለ ማዕድን ነው፤ መስታወትን ይጭራል። ከሁሉም የሚከፋው ትልቁ አሸዋ አይደለም። ከ5 እስከ 20 ማይክሮን ያለው ብናኝ ነው ሞተር በላተኛው። 1 ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ ነው፤ የራስ ጸጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ መሆኑን ስናስብ ይህ ብናኝ በዓይን የሚታይ አለመሆኑ ግልጽ ነው። በፒስተኑ ቀለበትና በሲሊንደሩ ግድግዳ መካከል ያለው ስስ የዘይት ሽፋን ውስጥ ይገባና ሁለቱንም እንደ ብርጭቆ ወረቀት እየሞረደ ይኖራል።

ታዲያ የጥጥ ፊልትሮ ይህን ብናኝ የሚይዘው በወንፊትነቱ አይደለም። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የወረቀት ፊልትሮ በአመዛኙ ወንፊት ነው ቢባል ያስኬዳል፤ ቀዳዳዎቹ ጠባብ ናቸው። የጥጡ ግን ቁስል እንደሚሸፈንበት ሻሽ ያለ ሳሳ ያለ ጨርቅ ተደራርቦ፣ ከውስጥና ከውጭ በሽቦ መረብ ተይዞ የተሠራ ነው። አየር እንደ ልብ እንዲያልፍበት ሆነ ተብሎ ሳስቷል። አየሩ በጥጡ ክሮች መካከል ሲጠማዘዝ ከአየር የሚከብደው ብናኝ መታጠፍ ያቅተውና ክሩ ላይ ይጋጫል። ክሩ ላይ የሚያጣብቅ ዘይት ካለ እዚያው ይቀራል፤ ከሌለ ግን ነጥሮ ጉዞውን ይቀጥላል። የራሳችን አፍንጫም እንዲሁ ነው የሚሠራው። ጸጉሩ ብቻውን አይበቃም፤ ርጥበቱ ነው አጣብቆ የሚይዘው።

እንዲህ ያለው ዘይት የጠጣ የጥጥ ፊልትሮ በዓለም ላይ እንዲታወቅ ያደረገው በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ የሚገኘው ኬ ኤንድ ኤን የተባለው ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሲመሠረት የሞተር ሳይክል ንግድ ነበር። ስሙም የመሥራቾቹ የኬን ጆንሰንና የኖርም ማክዶናልድ ስሞች መነሻ ፊደላት ናቸው። የዚህ ድርጅት ፊልትሮ ቀይ መልክ ያለው ጥጡ ቀይ ስለሆነ አይደለም። ቀዩ ዘይቱ ነው። ቀለም የተጨመረበትም ሰው ሲቀባ ያልደረሰበትን ቦታ እንዲያይ ነው።

ይህን ሳውቅ የተሰማኝን መገመት ትችላላችሁ። በየሳምንቱ ነጭ እስኪሆን ያሸሁት ቆሻሻውን ብቻ አልነበረም፤ ፊልትሮውን ራሱን ነበር አጥቤ ያወጣሁት። የቀረው የሻሽ ቁራጭ ነው። ሻሹንም ቢሆን ሙቅ ውሃው አኮማትሮታል፤ ኮምፕሬሰሩ በስቶታል፤ ቤንዚኑ ጥጡን ከጎማው አፍ ጋር የሚያያይዘውን አለስልሶታል። በአጭሩ ወንድሜ ፊልትሮው እንደ ቆሸሸ ቢተወው ኖሮ ሞተሩ ጉልበት ይቀንስና ቤንዚን ይበላ ነበር እንጂ በሦስት ወር አያልቅም ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «እንዴት ልጠብ?» ሳይሆን «ልጠብ ወይስ ልተው?» የሚለው ነው። የኬ ኤንድ ኤን ድርጅት መመሪያ ለዚህ ጥሩ መለኪያ አለው፦ ፊልትሮው የቱንም ያህል ቢቆሽሽ ከጥጡ በላይ ያለው የሽቦ መረብ በሁሉም ቦታ ተለይቶ እስከታየ ድረስ ጊዜው አልደረሰም። መረቡ በአቧራ ተሸፍኖ ሲጠፋ ያኔ ይታጠባል። እንዲያውም በዘይት የተያዘ ትንሽ አቧራ ራሱ ሌላ አቧራ ለመያዝ ያግዛል። እኛ ኢትዮጵያውያን እንግዳ ሊመጣ ነው ሲባል ቤቱን ሁሉ ማጠብ እንወዳለን፤ ፊልትሮ ላይ ይህ ጠባይ ይጎዳል። ማየት ግን አይጎዳም። በደረቅ ወራት አቧራማ መንገድ የሚሄድ ሰው በየሳምንቱ ጎንበስ ብሎ ይመልከት።

መታጠብ ካለበት ደግሞ አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ በፊልትሮው ዙሪያ ያለው ጭቃና አቧራ በጨርቅ ይጠረጋል፤ አለበለዚያ ፊልትሮው ሲወልቅ አፈሩ ቀጥታ ካርቡሬተሩ ውስጥ ይወድቃል። ፋሼታው በካቻቢቴ ይላላና ፊልትሮው እየተጠማዘዘ ይወጣል። ወዲያው የካርቡሬተሩ አፍ በንጹሕ ጨርቅ ይደፈናል። (ጨርቁን ረስቶ ሞተሩን ለማስነሣት ፔዳል ሲመታ የዋለ ሰው አውቃለሁ፤ ስለዚህ ጨርቁ ተንጠልጥሎ የሚታይ ይሁን።) ደረቁ አቧራ ፊልትሮውን በመዳፍ ቀስ ብሎ መታ መታ በማድረግና በለስላሳ ብሩሽ ይራገፋል።

ለማጠቢያ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ፈሳሽ አለ። ከሌለ ለስላሳ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ መጠቀም ይቻላል። ፊልትሮው ይርሳል፤ 10 ደቂቃ ያህል ይቆያል፤ ሳሙናው ግን ላዩ ላይ እንዲደርቅ አይተውም። ከዚያ ቀስ ብሎ በሚወርድ ውሃ ይለቀለቃል። አቅጣጫው ከውስጥ ወደ ውጭ መሆን አለበት። አቧራው የገባው ከውጭ ስለሆነ በመጣበት በኩል ይመለስ እንጂ ወደ ውስጥ አይገፋ። አይታሽም፣ አይጨመቅም፣ አይጠመዘዝም። ቤንዚን፣ ሙቅ ውሃ፣ በረኪናና ኮምፕሬሰር አይነኩትም። ውሃው እፍ እፍ ተብሎ ሳይሆን በእጅ ተራግፎ ጥላ ሥር ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ያድራል። ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ ዳር ማድረቅ ጥጡን ያኮማትራል። ያድራል ስላችሁ የምር ነው፤ ርጥብ ጥጥ ዘይት አይጠጣም። ሞተሩ ነገ ማለዳ የሚፈለግ ከሆነ ዛሬ ማታ ማጠብ ስሕተት ነው።

ዘይት አቀባቡ ትዕግሥት ይጠይቃል። ጥጡ እንደ ቀሚስ ሽንሽን ታጥፏል። በእያንዳንዱ ሽንሽን ጫፍ ላይ አንድ ቀጭን መስመር ዘይት ይፈስሳል፤ ከዚያ በላይ አይጨመርም። 20 ደቂቃ ይጠበቃል። ዘይቱ ራሱ እየተሳበ ሲሄድ ቀለሙ ይታያል። ከውጭም ከውስጥም ተመልክቶ ነጭ ሆኖ የቀረ ቦታ ካለ እዚያ ላይ ብቻ ጠብ ይደረጋል። የተንጠባጠበ ካለ በጨርቅ ይነካል። ዘይቱ ከበዛ ወደ ካርቡሬተሩ ይሳብና ሞተሩ ያስላል። «ይበልጥ ባጠጣሁት ይበልጥ ይይዛል» ማለት እዚህ ላይ አይሠራም።

ከባዱ ጥያቄ ዘይቱ ከየት ይገኛል የሚለው ነው። በብዙ ወረዳ ከተሞች ፊልትሮው ይሸጣል፤ ዘይቱ አይሸጥም። ሰዎች የሞተር ዘይት ይቀቡታል። አምራቾቹ ይህን ይከለክላሉ፤ የሞተር ዘይት ለዚህ ሥራ የተሠራ አይደለምና ክሩ ላይ አይረጋም። የእኔ አስተያየት እንደሚከተለው ነው። የጥጥ ፊልትሮ የሚገዛ ሰው ዘይቱን አብሮ ይግዛ፤ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ለብዙ እጥበት ትበቃለች። ዘይቱ የማይገኝ ከሆነ ግን ፊልትሮው ቢያምርም፣ ድምፁ ቢጎረንንም ይቅርና የስፖንጅ ፊልትሮ ይግጠም።

ስፖንጁ ለእኛ አገር ገጠር ይስማማል። በነጭ ጋዝ ቀስ ተብሎ ይጨመቃል፤ ከዚያ በሳሙና ውሃ ታጥቦ ይለቀለቃል። በመዳፎች መካከል ይጨመቃል እንጂ እንደ ልብስ አይጠመዘዝም፤ ከተጠመዘዘ ይቀደዳል። በቤንዚን ማጠብ እዚህም አይገባም፤ የስፖንጁን መገጣጠሚያ ማስቲሽ ያላቅቀዋል፤ እሳትም አለ። በደንብ ከደረቀ በኋላ ፌስታል ውስጥ ተጨምሮ ዘይት ይፈስስበትና እንደ ሊጥ ይታሻል፤ ዘይቱ በሁሉም ቦታ እኩል ሲደርስ ትርፉ ይጨመቅና ይወጣል። ለስፖንጅ ተብሎ የተሠራ የሚያጣብቅ ዘይት ቢገኝ መልካም ነው። ባይገኝ ግን አንዳንድ የሞተር ሳይክል ፋብሪካ መመሪያዎች 80-90 የተባለውን የካምቢዮ ዘይት ይፈቅዳሉ፤ እሱ ደግሞ በየነዳጅ ማደያው አለ። ስፖንጅ አርጅቶ በጣት ሲነካ መፈርፈር ከጀመረ መጣል ነው፤ ፍርፋሪው ራሱ ሞተር ይገባል።

የወረቀት ፊልትሮ ከሆነ አይታጠብም። ይራገፋል፤ ካለቀ ይቀየራል።

አንድ ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ። ሳጥኑ የወለቀለት ሞተር ብዙ ጊዜ አቧራ የሚገባበት በፊልትሮው በኩል ሳይሆን በጎን በኩል ነው። የጎማው አፍ ከካርቡሬተሩ አፍ ጋር ልክ ካልሆነ፣ ወይም ፋሼታው ከላላ፣ አየር በቀላሉ የሚያልፍበትን ስለሚመርጥ ያለ ማጣሪያ ይገባል። የጸጉር ያህል ክፍተት ይበቃዋል። ስለዚህ ሲገጠም የጎማው ውስጥና የካርቡሬተሩ አፍ ከዘይት ንጹሕ ይሁኑ፤ ዘይት ካለ በመንቀጥቀጥ ብዛት ተንሸራቶ ይወልቃል። ከሳምንት በኋላ ፊልትሮው ወልቆ የካርቡሬተሩ አፍ ውስጥ በነጭ ጨርቅ ይጠረግ። ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ሁሉም ደኅና ነው። አፈር ከያዘ ወይ ፊልትሮው ተበስቷል፣ ወይ አፉ ይተነፍሳል። ፊልትሮውን ወደ ብርሃን አንሥቶ ማየትም ይረዳል፤ በሁሉም ቦታ እኩል የተበተኑ የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ የብርሃን ነጥቦች የሽመናው ጠባይ ናቸው፤ መስመር ሆኖ ወይም ሰፍቶ የሚታይ ብርሃን ግን ቀዳዳ ነው። ያንን በማስቲሽ ለመድፈን አትድከሙ።

ሌላም የተረሳ ቀዳዳ አለ። ከሞተሩ ሆድ ትኩስ ትንፋሽ የሚያወጣው ቱቦ ቀድሞ የፊልትሮው ሳጥን ላይ ይገጠም ነበር። ሳጥኑ ሲወልቅ ቱቦው ተንጠልጥሎ ይቀራል። የሞተሩ ሆድ ፒስተኑ ሲወርድ ያወጣል፣ ሲወጣ ይስባል፤ ስለዚህ ይህም ጫፍ የራሱ ትንሽ ፊልትሮ ያስፈልገዋል። የወንድሜ ሞተር ላይ ቱቦው ለወራት አፉን ከፍቶ ነበር። ይህንን ያዩት የጎንደሩ መካኒክ እንጂ እኛ አይደለንም።

ክረምት ሲመጣ ሾጣጣው ያለ ሳጥን ስለሆነ ዝናብና የጎማ ርጭት ያገኘዋል። ከላይ መከላከያ ቆርቆሮ ወይም ፕላስቲክ ከለላ ማበጀት ይበቃል። በፌስታል መጠቅለል ግን ሞተሩን አፍና አፍንጫውን ማፈን ነው። የሞላ ወንዝ ደግሞ ከነጭራሹ በሞተር አይሞከር፤ ውሃ እንደ አየር አይታመቅምና ሲሊንደር ውስጥ የገባ ውሃ የፒስተኑን ዘንግ ያጣምማል።

ካንዴላውን ፈትቶ ማየትም የፊልትሮውን ወሬ ይነግራል። ጫፉ የማኪያቶ ቀለም ካለው ልኩ ነው። ነጭ ከሆነ አየሩ በዝቶ ቤንዚኑ አንሷል፤ ሳጥን ወልቆ ክፍት ፊልትሮ ሲገጠም የተለመደ ነው፤ ሞተሩን ስለሚያግለው ችላ አይባልም። ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ቤንዚን በዝቷል። ነገር ግን ካርቡሬተሩን ከመጠምዘዝ በፊት ፊልትሮው ተደፍኖ እንደሆነ ይታይ። ቦታም ለውጥ ያመጣል። መተማ ከባሕር ወለል 700 ሜትር ገደማ፣ ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ነው። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቆላ የተስተካከለ ሞተር ጎንደር ሲወጣ ቤንዚን ይበዛበትና ካንዴላው ይጠቁራል። እዚህ ላይ ጥፋቱ የፊልትሮው አይደለም።

በመጨረሻ ለክፍል ማስተማሪያ የሚሆን ማሳያ አለ። ሁለት ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙሶች ውሰዱ። በየጠርሙሱ ከዳስተር የተራገፈ አንድ ማንኪያ የጠመኔ ብናኝ ጨምሩ። የአንዱን አፍ በሁለት ድርብ ደረቅ ሻሽ፣ የሌላውን የምግብ ዘይት ጠጥቶ በደንብ በተጨመቀ ሁለት ድርብ ሻሽ በላስቲክ እሰሩ። ጠርሙሶቹን ወደ ጥቁር ወረቀት አዙራችሁ እኩል እኩል ጨመቅ ጨመቅ አድርጉ። ከደረቁ ሻሽ ነጭ ጭስ ይወጣና ወረቀቱን ይሸፍናል፤ ከተቀባው በኩል ወረቀቱ ላይ የሚያርፈው በጣም ያንሳል። እኛ በቡድናችን ስንሞክረው ቤንዚን ቆርቆሮ ይዞ ያገኘሁት ባልደረባችን ሦስት ጊዜ ደግሞ ጨመቀው። ጠርሙሶቹን በሳይንስ ክፍል መደርደሪያ ላይ አስቀምጠናቸዋል፤ የምትወስዱ ጥቁር ወረቀት ይዛችሁ ኑ፣ የእኛው አልቋል።